በመለያው ጠረጴዛ ሦስተኛዋ ሴት

ሰኔ 2፣ ሰኞ

አዲሱ ኃላፊ ዛሬ ሥራ ጀመረ። ወጣት ነው። ያደረገው ጫማ ለቢሮ እንጂ ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን አይደለም፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ካልሲው ሁሉ ርሶ ነበር። ተራ በተራ ጨበጠን። እጇ የረጠበ ክንዷን ሰጠችው። እኔን «እናቴ» አለኝ። በዚህ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ኃላፊ ሲጨብጠኝ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ባለቤቴ የሞተ ሳምንት ነበር።

ማሽኖቹን አስቁሞ ውሃ ከሚያፈላው ቦይለር ፊት ለፊት ሰበሰበን። ማሽን ድንገት ሲቆም ጆሯችን ይጮኻል፤ ስለዚህ የንግግሩን መጀመሪያ ብዙዎቻችን አልሰማንም። የሰማነው ይህን ነው፤ ሥራችን ደህና ነው፣ ተሳትፏችን ግን የሞተ ነው። ተለክቷል። ሃያ ሁለት ከመቶ። በሦስት ወር ውስጥ ሰማንያ መግባት አለበት።

ካውያዋ ጎኔን ጎሸም አድርጋ «ሃያ ሁለቱ እኔ ብቻዬን ነኝ፤ እናንተማ ዜሮ ናችሁ» አለችኝ። ካውያ የምንላት ልብስ የምትተኩሰዋን ሴት ነው። አፏ ከብረቱ እኩል ይግላል።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ሰሌዳ ተሰቀለ። የሠላሳ ሰባታችንም ስም አለበት፤ ከየስሙ ጎን ሦስት ክብ። አንደኛው ለካርድ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በወር ሁለት የማሻሻያ ሐሳብ በካርድ ጽፎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ሁለተኛው ለንግግር ነው፤ በዓርብ ስብሰባ በወር ሁለት ጊዜ አፍ መክፈት። ሦስተኛው በወር መጨረሻ የሚሞላ ወረቀት ነው፤ የሚስቅ ፊት፣ ዝም ያለ ፊትና ያኮረፈ ፊት ተስሎበታል፤ እንደ ስሜታችን አንዱ ላይ ምልክት እናደርጋለን። የሞላ አረንጓዴ ይቀባል፣ ያልሞላ ቀይ።

ሁለት ወር ቀይ የሆነ ሰው «የሥራ ቦታው እንደገና ይታያል» ተባለ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ብንጠይቅ እንደ ንግግር ይቆጠርልን ነበር፤ እሱም ትዝ አላለንም።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

የመጀመሪያው ስብሰባ። ጋሽ እንፋሎት የምንለው የቦይለሩ ሰው ተነሥቶ «እኔ ሐሳቤ ስብሰባው እንዲያጥር ነው» አለ። ተሳቀ። ኃላፊውም ሳቀና ክቡን አረንጓዴ ቀባለት። እኔ ተነሥቼ «አንሶላው ንጹሕ ነው» አልኩ። ሌላ የምለው አጣሁ። እሱም ተቆጠረልኝ።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። እስኪ ዛሬ ረጋ ብዬ ልጻፍ።

እኔ የምሠራው ንጹሕ ልብስ ክፍል ነው፤ ስንት አንሶላ፣ ስንት የትራስ ልብስ ወደ የትኛው ክፍል እንደሄደ ቆጥሬ እጽፋለሁ። እስክሪብቶ ከእጄ አይጠፋም። ስለዚህ መጻፍ የማይችሉት፣ መጻፍ እየቻሉም የሚሰለቻቸው፣ ካርዳቸውን ይዘው ወደ እኔ መምጣት ጀምረዋል። ካውያዋ እንኳ፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰችው፣ «እጄ ብረት እንጂ ብዕር አልለመደም፤ ወዲህ በይ» ብላ ሁለቱንም አስጻፈችኝ።

ከሁሉ ቀድማ የመጣችው ዘበኛ ናት። ዘበኛ ጓደኛዬ ናት። ይህን ስም ያወጣንላት በሥራዋ ነው። ከየክፍሉ የሚመጣው ቆሻሻ ልብስ መጀመሪያ የሚራገፈው መለያው ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚያ ሦስት ሴቶች ይቆማሉ። አንዷ ከረጢቱን ፈትታ ትዘረግፋለች፣ ሁለተኛዋ እየለየች ወደየጋሪው ትወረውራለች፣ ሦስተኛዋ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ታያለች። ሥራዋ ማየት ነው። በአንሶላ እጥፋት ውስጥ የተረሳ መርፌ፣ ምላጭ፣ መቀስ ከታያት «እጅ!» ብላ ትጮኻለች፤ ሁለቱም ባሉበት ይደርቃሉ። የማያውቅ ሰው ሲያያት ሥራ ፈት ትመስላለች።

እዚያ የቆመችበት ምክንያት ወረቀት ላይ የለም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የመተኮሻው ማሽን ሁለቱንም እጆቿን ይዟት ነበር። ጣቶቿ ተጣብቀው ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀሩ። አታጥፍም፣ አትጨምቅም፣ እስክሪብቶ አትይዝም፤ ማንበብም አልተማረችም። ያን ጊዜ የነበረችው አለቃችን «ዓይንሽ ደህና ነው አይደል? በይ እዚያ ቁሚ» አለቻት። በዚያው ቀረ። ዘበኛ ጓንቷን አታወልቅም። ሰው ሁሉ እጇ መጎዳቱን ያውቃል፤ ምን ያህል እንደሆነ የምናውቀው ግን ከሦስትና ከአራት አንበልጥም። «ቢሮ እንዳይሰማብኝ» ትላለች።

ለመጀመሪያው ካርድ «ምን ልበልልሽ?» ስላት «ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያው ያፈሳል በይልኝ» አለች። እንዳለችው ጻፍኩ።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ልጄ መጣች። እሷ በምትሠራበት ቢሮም ሰሌዳ አለ፤ የእነሱ በስክሪን ነው። «እማዬ፣ ጥሩ ነገር እኮ ነው። ድምፅሽን ፈለጉት ማለት ነው» አለችኝ። ለስንት ሰው ካርድ እንደምጽፍ ስነግራት አቅፋ ሳመችኝ። «በሠላሳ አምስት ዓመትሽ ፊደል ቆጥረሽ! አባዬ ቢያይሽ እንዴት ደስ ይለው ነበር።»

ልጄ ይህን ሰው ፊትም ታወራዋለች፤ እናቴ አባቴ እንደሞተ ለብቻዋ ማንበብ ተማረች፣ ሐዘኗን በመጽሐፍ ተወጣችው ትላለች። አርሜያት አላውቅም። ያስተማሩኝ የእሷ የአንደኛ ክፍል ደብተርና ቤት ውስጥ የነበሩ ጽሑፍ ያለባቸው ዕቃዎች ናቸው፤ የሳሙና ወረቀት፣ የቀን መቁጠሪያ፣ ጠርሙስ። ያለ ማንም እርዳታ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር «ለቆዳ ብቻ፤ አይጠጣም» የሚል ነው። ባለቤቴ ከሞተ ሰባት ወር ሆኖት ነበር።

ጎረቤት መጠየቅ አፍሬ ነበር። የሚጠጣው መድኃኒቱና ይህኛው፣ ሁለቱ ጠርሙሶች ቁመታቸው እኩል ነበር። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ልጄን ዝናቡ ሳይብስ ሸኘኋት።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ወሩ ሊያልቅ ነው። ከሰባ አራት ካርድ የገባው ሃያ ዘጠኝ። ኃላፊው በሰዓት አንድ ጊዜ ሳጥኑን ያነሣና ይነቀንቀዋል። ዛሬ ብቻ ዘጠኝ ሰው መጣብኝ።

«እትዬ፣ ለእኔም አንድ ነገር በይልኝ።»

«ምን ልበል?»

«እኔ ምን አውቄ! አንቺ አዋቂ አይደለሽ?»

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ቸኩያለሁ። የቀሩትን ካርዶች ቤት ይዤ መጣሁ። የጋሪው ጎማ ይቀየር። የሳሙናው በርሜል ክዳን ይኑረው። የጓሮው በር ዘይት ይቀባ። መብራቱ ያብረቀርቃል። ከሃያ በኋላ ሐሳብ አለቀብኝ፤ ሰው ሲያወራ የሰማሁትን፣ ሲያጉረመርም የያዝኩትን ሁሉ ጻፍኩ።

ለዘበኛ አንድ ይቀራታል። ጠዋት ሳልፍ ከጠረጴዛው ጥግ ሆና «እንደ ምሰሶ ገትረውኝ ይውላሉ! ማጠፊያው ጋ ቢወስዱኝ ቢያንስ ከካውያ ጋር ሰው እያማሁ እውል ነበር» ብላ ስቃ ነበር። እሱን አቃንቼ ጻፍኩላት።

«በመለያው ጠረጴዛ ላይ የምትቆመው ሦስተኛ ሠራተኛ ከመቆም በቀር ሥራ ስለሌላት ወደ ማጠፊያው ብትዛወር ጊዜና ጉልበት ይቆጠባል።»

ጥሩ ዐረፍተ ነገር ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ መጻፍ መቻሌ ደስ አለኝ።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ሰባ አንድ ከመቶ ገባን። ሰሌዳው ለምልሟል። ኃላፊው ፊቱ እንደ ልጅ በራ። ከዚያ «የወሩ ምርጥ ተሳታፊ» ብሎ ዘበኛን ጠራ።

ሁላችንም አጨበጨብን። በጓንቶቿ መሃል የምስክር ወረቀቱን ይዛ ፎቶ ተነሣች። ካርዱ ግን አልተነበበም፤ «አሠራር የሚለውጥ ሐሳብ» ብቻ ተባለ። ካውያዋ ከኋላ «ዝም ብላ ቆማ ሁላችንን በላችን!» ብላ ጮኸች።

ዘበኛ ስብሰባው እንዳለቀ ሮጣ መጣች። «አንቺ፣ ምን ብዬ ነው?»

«ስለ ጠረጴዛው ነው። ጥሩ ነገር ነው ያልሽው።»

«እኔን ብሎ አሳቢ! በይ ይህን አንብቢልኝ።»

የምስክር ወረቀቱን አነበብኩላት። እዚያ ላይ የተጻፈው ስሟና ማዕረጓ ብቻ ነው። አንድም ቃል አልዋሸሁም።

የትኛው ካርድ እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም ነበር። ገብቶኝም ይሆናል።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ኃላፊው ንጹሕ ልብስ ክፍል ድረስ መጣ። በማጠፊያው ስንት ሰው እንደሚበቃ ሊጠይቀኝ ነው። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሐሳቡ ሥራ ላይ ይውላል። «ለዓመታት ማንም ያላየውን እሷ ራሷ አየችው! ተሳትፎ ማለት ይህ ነው፣ እናቴ።»

ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«እጇ...»

«እጇ ምን ሆነ?»

«እጇ ይቀዘቅዛል።»

«ማጠፊያው ጋማ ይሞቃል» አለኝና በደብተሩ ጻፈ።

ቢሮ እንዳይሰማ ብላኛለች። እኔ ምን ላድርግ? ቃሏን ጠበቅኩ።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ዘበኛ ስለ ለውጡ ገና አልሰማችም። ሻይ ሰዓት አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ጣሪያው አወራን፤ አሁንም ያፈሳል። ነገ እነግራታለሁ።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

አልነገርኳትም።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ተዛወረች። መለያው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሴቶች ቀሩ።

ማጠፊያው ላይ በጓንት አይሠራም፤ ንጹሕ ልብስ በባዶ እጅ ነው የሚነካው። ዘበኛ መጀመሪያ አላወልቅም አለች፤ በኋላ በጥርሷ ስባ አወለቀችው።  ኃላፊው አያት፤ ፊቱ ተለዋወጠ። «ይህን ለምን አልነገሩኝም?» አላት። እሷ በክርኖቿ አንሶላውን ይዛ ለማጠፍ ሞከረች። ካውያዋ ብረቷን አስቀምጣ ወጣች። 

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ዛሬ የሆነውን እንዳለ ልጻፈው።

ስብሰባው ላይ ዘበኛ እጇን አወጣች። በስድስት ሳምንት ውስጥ ሳይገፏት ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። «እኔን ከቦታዬ ያነሣኝ ማን ነው? ለምንድነው?» አለች። ድምፅዋ ተራ ነው፤ እንደምትጮኽበት አይደለም።

ኃላፊው ግራ ገባው። «እርስዎ ራስዎ ነዎት እኮ። የራስዎ ሐሳብ ነው።» ከማኅደሩ ካርዱን አውጥቶ ሰጣት። እሷ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በሰው መሃል አልፋ መጣችና ፊቴ ያዘችልኝ።

«አንቺ አንብቢልኝ» አለች።

የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። እዚያ ያለ ሰው ሁሉ የእኔን ጽሑፍ ያውቀዋል፤ ግማሹን ካርድ እኔ እንደጻፍኩ ሁሉም ያውቃል። ከራሴ እንደምጽፍም ያውቃል። አነበብኩ። «ከመቆም በቀር ሥራ ስለሌላት» የሚለው ላይ ስደርስ አንዲት ሴት ከኋላ «ወይ ጉድ!» አለች። እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ነጥቡንም ሳልዘል።

«እኔ ነኝ ያልኩት?» አለች ዘበኛ። ኃላፊውን አይደለም የምታየው። እኔን ነው።

«እንደዚያ ይላል» አልኩ።

እንደዚያ ይላል። ይህን ነው ያልኩት።

ጋሽ እንፋሎት አቀርቅሮ ጫማውን አየ። ኃላፊው የዘበኛን የንግግር ክብ አረንጓዴ ቀባው።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

በማጠፊያው በሰዓት አርባ አንሶላ ነው የሚጠበቀው። እሷ አሥራ አንድ። እስከ ወሩ መጨረሻ መሞከሪያ ነው ተብሏል። ምሳ ሰዓት ሰው ሳያይ ገብቼ ከክምሯ ሠላሳ አጥፌ ከእሷ መደርደሪያ ላይ አደረግኩ። ትናንትም እንዲሁ አድርጌያለሁ። ዛሬ ግን ካሰብኩት ቀድማ ተመለሰች።

«አትንኪብኝ» አለች።

«ልርዳሽ ብዬ...»

«አትንኪብኝ አልኩሽ።»

ያጠፍኩትን አንድ በአንድ በክርኗ እየገፋች ወደ ወለሉ ጣለችው። እንደገና መታጠብ ነበረበት። ከቆጠራው አወጣሁት።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄድኩ። ቁጭ ይበሉ አለኝ። ቆሜ ነገርኩት፤ ካርዱን እኔ ከራሴ እንደጻፍኩ፣ እሷ እየቀለደች እንደነበር፣ ሌሎቹንም አብዛኛውን እኔው እንደጻፍኩ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በሩን ዘጋና ዝቅ ባለ ድምፅ አወራኝ።

«እናቴ፣ ይህን በይፋ ካሉ ካርዶቹ በሙሉ ይሰረዛሉ። ሠላሳ ሰባቱም ቀይ ይሆናል። ሁለት ወር ቀይ የሆነ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያውቃሉ። ለአንድ ሰው ብለው ሠላሳ ስድስቱን?»

«ታዲያ እሷስ?»

«እኔም ከላይ የራሴ ሰሌዳ አለኝ» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደክሞት አየሁት። «ነሐሴ 9 ከዋናው መሥሪያ ቤት መጥተው ያያሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር እናደርግላታለን።»

ተመልሼ የትራስ ልብስ ቆጠርኩ። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ለሠላሳ ስድስቱ ብዬ ነው ዝም ያልኩት እያልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መንገድ ላይ ይህን ብዙ ጊዜ አልኩት።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

የወሩ ካርድ ደረሰ። አሁንም ይዘው ይመጣሉ። «ለእኔ ማንንም የማይነካ ነገር በይልኝ» አለችኝ አንዷ። እነሱም ፈርተውኛል። ጻፍኩላቸው።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ዘበኛ ተሰናበተች። «በስምምነት» ይላል ወረቀቱ፤ መሞከሪያውን ስላላለፈች በፈቃዷ ትለቃለች ነው ነገሩ። ንጹሕ ልብስ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነው የፈረመችው፤ ሌላ ደረቅ ጠረጴዛ ስለሌለ። እኔ በሦስት እርምጃ ርቀት ቆሜ ነበር። ወረቀቱን አንሥታ ወደ ካውያዋ ዞረች።

«አንብቢልኝ» አለቻት።

ካውያዋ እየተንተባተበች አነበበችላት። ስምንተኛ ክፍል ከጨረሰች ቆይቷል። አንድ ቃል ሲያቅታት ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ዘበኛ ግን «ተይው፣ እለፊው» አለቻት። አውራ ጣቷ አይዘረጋም። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ የእጇን ጎን በቀለሙ ላይ አስነካና አተመው።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ዘበኛ ቤት ሄድኩ። አንድ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ወደ ግድግዳ ያያል። በሩን በክርኗ ከፈተችልኝ። «ግቢ፣ ረጥበሻል» አለች። ሻይ አፈላች፤ ብርጭቆውን በሁለት መዳፏ መሃል ይዛ አመጣች። ልቀበላት ስነሣ በዓይኗ አስቀመጠችኝ።

«ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ከራሴ ነው። አንቺ እንደዚያ አላልሽም።»

«ያልኩትንና ያላልኩትን እኔ አላውቅም እንዴ?»

 ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይደበድባል።

«ታዲያ ለምን ሰው መሃል አስነበብሽኝ?»

«ራስሽ እንድትናገሪው ነዋ! ሌላ ለምን ይመስልሻል?» አለች። «እኔማ ካርዱን ገና ሲያወጣው የማን እጅ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ሰኔን ሙሉ ስትጽፊ አይደለም ያየሁሽ? ወደ አንቺ ስመጣ በልቤ፣ አሁን ትናገራለች፣ አልኩ። ስታነቢ ጠበቅኩሽ። ጨርሰሽም ጠበቅኩሽ። በማግስቱ ጠበቅኩሽ። ከዚያ ተደብቀሽ አንሶላ ስታጥፊልኝ መጣሁብሽ። ይቺ ሴት ሁሉን ነገር በእጇ ነው የምትጨርሰው አልኩ፤ ተውኩሽ።»

«አሁን ምን ላድርግልሽ?»

«ለእኔ? ለእኔማ ምንም። ሻይሽን ጠጪ።»

ጠጣሁ። ከዚያ ስለ ባለቤቴ ነገርኳት። ስለ ሁለቱ ጠርሙሶች። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ይቅር የምትለኝ መስሎኝ ነበር፤ ወይም ለምን እንደዚህ እንደሆንኩ የሚገባት። ሰማችኝ፤ ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው።

«ታዲያ ይህንንም ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» አለች። «ልጅ የለሽም?»

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ከዋናው መሥሪያ ቤት ሦስት ሰዎች መጡ። ወለሉ ሁለት ጊዜ ተጠረገ። ሰሌዳው ሰማንያ ሦስት ይላል፤ ቁጥሩ በትልቁ ተጽፎ ተለጥፏል። ኃላፊው ስለ እኛ ተናገረ፤ ስለ ዝምታችን፣ እንዴት ቋንቋ እንዳወጣን። እንግዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ተነሣሁ። የጋሪውን እጀታ ያዝኩ።

በሁለት ወር ከገቡት መቶ ሃያ አንድ ካርዶች ዘጠና ስድስቱን እኔ ከራሴ ጻፍኳቸው አልኩ። በአንዱ ካርድ ሴት ከሥራዋ ወጣች አልኩ። ሦስተኛዋ ሴት ሥራዋ ማየት ነው፤ ለሌሎቹ እጅ ዓይን ናት አልኩ። ከዚያ አለቀብኝ፤ ቁጭ አልኩ።

የኃላፊው ፊት አመድ መሰለ። መነጽር ያደረገችው እንግዳ ወረቀቷን ገለጠች። «የተሰናበቱት ሴት በስምምነት ነው የለቀቁት፤ አሻራቸው አለ። ሦስተኛ የሚባል መደብ ደግሞ እዚህ የለም፤ ኖሮም አያውቅም» አለች። ከዚያ እኔን አይታ «ግልጽነትዎን እናደንቃለን» አለችኝ። ይህን ስትል እየጻፈች ነበር።

ስንወጣ ካውያዋ ትከሻዬን ገፍታ አለፈች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አፍሽን ዘግተሽ ኖረሽ፣ የከፈትሽ ዕለት ሁላችንን አቀላሽን! እሷ ስትሄድ የት ነበርሽ?»

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ሰሌዳው ቀላ። ሠላሳ ስድስት ስም። የዘበኛ ስም ተነሥቷል፤ ቦታው ነጭ ነው።

ከእኔ ጋር ሻይ የሚጠጣ የለም። ጋሽ እንፋሎት ብቻ በሩ ላይ ቆሞ «ደግ አደረግሽ» አለኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ ማን እንደሰማው ዞር ብሎ አየ።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ልጄ ደወለች። «ሥራ እንዴት ነው፣ እማዬ?» «ደህና ነው።» «ልጅ የለሽም?» የሚለው የዘበኛ ጥያቄ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። እሑድ ስትመጪ የምነግርሽ አለ አልኳት። «ደስ የሚል ነው?» አለች። አይደለም አልኳት። ብቻ ይህን ያህል አልኩ።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

መለያው ጠረጴዛ ላይ ልብስ የምትለየው ልጅ መርፌ ወጋት። ከየትኛው ሕመምተኛ እንደሆነ አይታወቅም። ደሟን ወሰዱ፤ ውጤቱ በየጊዜው እየታየ ወራት ይፈጃል አሏት። ከሁለቱ ማንም አላየውም፤ ማየት የማንም ሥራ አልነበረም።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ሦስተኛዋ ሴት ትመለስ ተባለ። በወረቀት፣ በማኅተም፣ አሁን መደብ ሆነ። የእኔ ንግግር ያላመጣውን መርፌው አመጣው።

«ዘበኛን ጥሯት» አልኩት ኃላፊውን።

«በስምምነት የለቀቀ ሰው ስድስት ወር ሳይሞላው አይቀጠርም። ደንብ ነው።» አላየኝም። «እናቴ» ማለትም ትቷል። «እርስዎ ይቆማሉ። የቆጠራ ሥራ እምነት ይፈልጋል፤ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።»

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ለልጄ ነገርኳት። ሁሉንም፤ የጠርሙሶቹንም። ቁጭ ብላ እጇን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ «ትንሽ ልሂድ» አለች። ጃንጥላዋን ረስታለች።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

የመጀመሪያ ቀኔ። ከሁለቱ በሁለት እርምጃ ርቄ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ። የተወጋችው ልጅ ተመልሳለች፤ እጇን ስትሰድ ትሰጋለች። አያናግሩኝም። ለማየት ወሬ አያስፈልግም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ይህን ሥራ ቀላል ነው ብዬ ነበር የጻፍኩት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ዓይኔ ማልቀስ ጀመረ። ነጭ በነጭ ላይ፣ እጥፋት በእጥፋት ላይ፤ ለአንዲት ቅጽበት ብርድ ልብሱን ካየሽ መርፌው ያልፍሻል። አሥራ አንድ ዓመት።

ከሰዓት በኋላ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ከረጢት መጣ። በአረንጓዴው ጨርቅ እጥፋት ውስጥ ምላጭ አየሁ። በደንብ አየሁት። ልጅቷ እጇን ልትሰድ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ዘልዬ የእጇን አንጓ ያዝኩና ሁለታችንም ጠረጴዛው ላይ ወደቅን።

ምላጩን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። 

«እትዬ» አለችኝ፣ «እሷ እኮ ትጮኽልን ነበር።»